የቅዳሜው ስብሰባ፦ ጠገራ ብር ወይስ አሞሌ ጨው

ሰላም ለሁላችሁም፣ ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት 6 ኪሎ ግቢ እንገናኛለን። የምንወስነው አንድ ነገር ነው፣ የጋራ ጥናታችን በጠገራ ብር (ድሮ ስንገበያይበት በነበረው የማርያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም) ላይ ይሁን ወይስ በአሞሌ ጨው (እንደ ገንዘብ ባገለገለው የጨው ጡብ)፣ ስለዚህ አስባችሁበት ኑ።

እኔ ወደ ጠገራው አደላለሁ። አያቴ ከሳጥኗ አውጥታ አንድ አሳየችኝ፣ ለአንገት ክር ተበስቷል፣ ጠርዙ ተበልቶ ሳስቷል። ሲሰራ 28 ግራም ገደማ ነበር፣ አሁን በኩሽና ሚዛን 26 አልሞላም። የቀረው ብር የት ገባ? ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል፣ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት የፈረንጅ ዓመት ነው፣ ግን ከዛም በኋላ ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲያትሙት ኖረዋል፣ በተጻፈው ዓመት ብቻ እድሜውን ማወቅ አይቻልም። አጼ ምኒልክ በእኛ በ1887 የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው እንኳን ገበያው ጠገራውን አልለቀቀም። ለምን የሚለውን የታሪክ ተማሪ ብቻውን አይመልሰውም፣ ኢኮኖሚክስም ሶሲዮሎጂም ኬሚስትሪም ያላችሁ በጣም ታስፈልጉናላችሁ።

አሞሌውም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ ከአፋር ቆላ በግመል ወጥቶ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ነበር የሚሄደው፣ የመንገዱን ወጪ ከዛ ማንበብ እንችላለን።

ጠገራ ቤታችሁ ካለ ይዛችሁ ኑ፣ ካልሆነ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱት፣ እባካችሁ እንዳትወለውሉት። አያቶቻችሁ በምን እንደተገበያዩ ጠይቃችሁ ከፈቀዱ ድምፃቸውን ቅዱ። ትንሽ ሚዛን ያለው ሰው ይንገረኝ።

መምጣታችሁንና የቱን እንደምትመርጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።