የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ መጀመሪያ ግምት፣ ከዚያ ሙከራ

በየካ አባዶ ዳርቻ የሚገኘው ትምህርት ቤታችን የተሟላ ቤተ ሙከራ የለውም። የሳይንስ ክበባችን ዘንድሮ የሠራው ሁሉ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ከቤታቸው ባመጡት ዕቃ ነው፤ እርድ፣ ሎሚ፣ አመድ፣ እርሾ፣ ፊኛ፣ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ። ለዕቃዎቹ ፈቃዳችሁን የሰጣችሁ እናቶችና አባቶች እግዚአብሔር ይስጥልን።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረን። ማንም ተማሪ የሚሆነውን ሳይገምትና ግምቱን ከነምክንያቱ በደብተሩ ሳይጽፍ ዕቃ አይነካም። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ሕጉን አልወደዱትም፤ “መምህር፣ አይተን እንጽፈዋለን” እያሉ ይለምኑኝ ነበር። እኔ ግን አልላላሁም። ሳይገምት የሚያይ ልጅ ቀለም ሲለወጥ አጨብጭቦ ይሄዳል፤ የገመተው ግን “እኔ እንዳልኩት ያልሆነው ለምንድን ነው?” ብሎ ይሟገታል።

ከሁሉ ይልቅ ያተረፍነው ከእርድ ነው። እርዱን በአልኮል በጥብጠን፣ ነጭ ወረቀት ነክረን አደረቅን። ቢጫው ወረቀት የልብስ ሳሙና ውኃ ሲነካው ወዲያው ወደ ቀይ ቡናማ ተለወጠ፤ የአመድ ውኃም እንዲሁ አደረገው። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ቢጫነቱ ተመለሰ። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የተባለ ንጥረ ነገር እንደ ሳሙናና አመድ ውኃ ያለ ቤዝ ሲያገኝ ቀለሙን ይለውጣል፣ እንደ ሎሚ ያለ አሲድ ሲያገኝ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ገና ሳላስረዳ አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች፤ አልጫ ወጥ የፈሰሰበት ነጠላ በሳሙና ሲታጠብ ለምን እንደሚቀላ አሁን ገባኝ አለች። እንዲህ ያለ ምሳሌ ከመማሪያ መጽሐፍ አላገኝም ነበር። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ወረቀቱን ይዘው እየሄዱ በቤት ያለውን እርጎ፣ አቼቶና ኦሞ ሁሉ ሲፈትኑ ሰነበቱ።

ስለዚህም ለወላጆች አጥብቄ የማሳስበው አለ። በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሎሚ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ልጆቹ በክበቡ ውስጥ በረኪና እንዲነኩ አልፈቀድንም፤ በቤትም እጃቸው ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

እርሾ የገባበት የጤፍ ሊጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርገን አፉን በፊኛ ሸፍነን ፀሐይ ላይ ስናቆም፣ አብዛኞቹ “ፊኛው ቢነፋ የሚነፋው በሙቀት ነው” ብለው ጽፈው ነበር። አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ታዲያ አጠገቡ ውኃ ብቻ የያዘ ሌላ ጠርሙስ ከነፊኛው እንድናቆም ጠየቀ። በዓመቱ ውስጥ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም፤ ማወዳደሪያ እንደሚያስፈልግ ማንም አልነገረውም። የውኃው ፊኛ በመጠኑ ብቻ ቀና ሲል የሊጡ ተነፋ። የነፋው ሊጡ ሲቦካ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የእንጀራን ዓይን የሚያወጣውም ይኸው ጋዝ ነው።

የፈላ ውኃንም ለካን። ቴርሞሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ያነበቡት እነርሱ። 100 ዲግሪ ብለው የገመቱት ሁሉ 92 አካባቢ ሲቆም ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል አሉ። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጁብንም በዚህ ምክንያት ነው።

በሚያዝያ መጀመሪያ ሰሞን ደግሞ በግቢው ቀጥ ያለ እንጨት ተክለን ጥላውን ተከታተልን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 23 ገደማ፣ በትክክል ከአናታችን በላይ ትሆናለች። ጥላው ሊጠፋ የቀረበው ልጆቹ እንደገመቱት ልክ በስድስት ሰዓት ሳይሆን ስድስት ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነበር። ሰዓታችን የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ስለሆነ ነው፤ ፀሐይ እዚያ ቀድማ እኩለ ቀን ላይ ከደረሰች በኋላ ነው ወደ እኛ የምትደርሰው።

ሁለተኛው ቀን በክረምቱ ዕረፍት ላይ ይውላል። ደመናው ከገለጠ፣ ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር ከስድስት ሰዓት ከሩብ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል አንድ እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ፀሐይዋን ግን በዓይን አትመልከቱ። ልጆች፣ ጥላው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን ከዋዜማው ጻፉና ደብተራችሁን በመስከረም ይዛችሁ ኑ።