ደብዳቤ ለልጄ፦ ግብርሽን የምትከፍዪው ለየትኛው አገር ነው?

ደሴ፣ ግንቦት 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

ባለፈው ስንነጋገር «እማዬ፣ እንግሊዝ አገር ከደመወዜ ግብር እየቆረጡብኝ ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለያዝኩ እዚያም ደግሜ መክፈል አለብኝ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በስልክ ባጭሩ የሚመለስ ነገር ስላልሆነና ዕድሜዬን በሙሉ በፒያሳ የነጋዴዎችን ሒሳብ ስሠራ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ አልኩ። አብሽሪ ልጄ፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ነገር ግን በጊዜው ካልተያዘ የሚያስቸግር ነው።

የአገራችን ግብር ዜግነትን ተከትሎ አይሄድም። አሜሪካ ዜጎቿንና ግሪን ካርድ ያላቸውን የትም ቢኖሩ ስለምታስገብር፣ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን የሚነግሩሽ ለእነሱ እውነት ነው፤ ለአንቺ ግን አይሠራም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የኢትዮጵያ ነዋሪ የሚባለው፣ መንግሥት ወደ ውጭ ከሚልካቸው ዲፕሎማቶችና መሰሎቻቸው ሌላ፣ መኖሪያውን በኢትዮጵያ ያደረገ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ያለማቋረጥም ሆነ እየተመላለሰ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየ ሰው ነው። ነዋሪ የሆነ ሰው ከየትኛውም የዓለም ክፍል ባገኘው ገቢ ይገብራል፤ ነዋሪ ያልሆነ ግን የሚገብረው ከኢትዮጵያ ውስጥ በሚመነጭ ገቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ኑሮሽን እዚያ እስካደረግሽ ድረስ የሆስፒታሉ ደመወዝሽ ለዚህ አገር ግብር አይታሰብም። ከአያትሽ የወረስሽው የሆጤው ቤት ኪራይ ግን፣ አንቺ የትም ሁኚ የት፣ ግብሩ የሚከፈለው እዚሁ ደሴ ነው።

በእንግሊዝ በኩል ደግሞ ቀን በመቁጠር ብቻ እንዳትዘናጊ አደራ። የእነሱ የግብር ዓመት በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 28 ጀምሮ በሚቀጥለው መጋቢት 27 ያበቃል። ጥቅምት ላይ ስለሄድሽ በመጀመሪያው የግብር ዓመት 183 ቀን አልሞላሽ ይሆናል፤ ሕጋቸው ግን ሙሉ ጊዜ እዚያ የሚሠራን ሰው፣ ቀኑ ባይሞላም፣ ነዋሪ የሚያደርግበት ሌላ መንገድ አለው። ዓመቱን ለሁለት ከፍሎ፣ ከመሄድሽ በፊት እዚህ ያገኘሽውን ለብቻ የማየት አሠራርም አላቸው፤ ይኸኛው ለአንቺ የሚጠቅም ነው።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ተመልከቺልኝ። እዚያ አብዛኛው ሰው በዓመት እስከ 12,570 ፓውንድ ገቢው ግብር አይነካውም። በደመወዝ ወረቀትሽ ላይ የግብር ኮድሽ 1257ኤል ብሎ ከጎኑ ኤም1 የሚል ከተጨመረበት፣ ጊዜያዊ ኮድ ነው፤ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ያሉት የዓመቱ ወራት ድርሻ አልታሰበልሽም ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ከሚገባው በላይ ስለተቆረጠብሽ እንዲመለስልሽ ጠይቂ። አሠሪሽ እስከ ግንቦት 23 የሚሰጥሽን ፒ60 የሚባለውን የዓመት ማጠቃለያ በምንም ምክንያት አትጣዪው።

ስለ ሆጤው ቤት ኪራይ ብዙ አስቤበታለሁ። እዚያ ነዋሪ ከሆንሽ እነሱም የዓለም ገቢሽን ይጠይቃሉ። የኪራዩ ጠቅላላ በዓመት ከ1,000 ፓውንድ ካላለፈና ሌላ ኪራይ ከሌለሽ ነፃ ስለሆነ ማሳወቅ አይጠበቅብሽም፤ አሁን ባለው የምንዛሪ ተመን የእኛ ኪራይ ከዚያ በታች ነው። ካለፈ ግን የግብር ዓመቱ ባለቀ እስከ መስከረም 25 ተመዝግበሽ፣ እስከ ጥር 23 በኢንተርኔት ታሳውቂያለሽ፤ ለዚህ አገር የከፈልሽውም ከእነሱ ግብር ላይ ይቀነስልሻል። ከመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደዚያ አገር አዲስ ለሚገቡ ሰዎች የውጭ ገቢያቸውን ለአራት ዓመት ነፃ የሚያደርግ ደንብ መጥቷል፤ ወዳጆችሽ «ተጠቀሚበት» ቢሉሽ ግን እሺ አትበዪ። በዚያ የተጠቀመ ሰው የ12,570 ፓውንዱን ነፃ ገቢ ለዚያ ዓመት ያጣዋል፤ በ20 በመቶ ብናሰላው 2,514 ፓውንድ ነው። ለትንሽ ኪራይ ሲባል ያን ያህል ገንዘብ መጣል አይገባም።

ኢትዮጵያና ብሪታኒያ በ2011 እ.ኤ.አ. የተፈራረሙት የተደራራቢ ግብር ማስቀሪያ ስምምነት አለ። ሁለቱም «የእኛ ነዋሪ ናት» ቢሉ መጀመሪያ የሚታየው ቋሚ መኖሪያሽ የት እንደሆነ ነው፤ ቀጥሎ ኑሮሽና ጥቅምሽ ይበልጥ የተሳሰረበት አገር፣ ከዚያ አዘውትረሽ የምትውዪበት ነው። ዜግነት የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሆጤው ቤት በውል መከራየቱ ለአንቺ ክፍት ሆኖ እንዳልተቀመጠ ያሳያልና ውሉን በጥንቃቄ አስቀምጬዋለሁ። እኛ ቤት ያለው ክፍልሽ እንደነበረ ነው፣ አልጋሽንም አላነሳሁትም፤ ነገሩ ቢጠየቅ ግን እሱም ሊቆጠር ስለሚችል፣ የእዚያውን የቤት ኪራይ ውልሽንና የመብራትና የውሃ ሒሳብሽን ሳትጥዪ ሰብስቢ። በየመጣሽበት ጊዜ የመግቢያና የመውጫ ቀንሽን ጻፊ፤ ፓስፖርት ሲታደስ የድሮው ማኅተም ይጠፋል።

የግብር ደረሰኙን በተመለከተ፣ በአንቺ ስምና በቲን ቁጥርሽ እንዲቆረጥ አደርጋለሁ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ በፎቶ ስልክልሽ በጎኑ የፈረንጁን ቀን ጽፌ እልክልሻለሁ፤ የ2018 ደረሰኝ እዚያ ላለ ሰው ከስምንት ዓመት በፊት የተከፈለ ሊመስለው ይችላል።

የእኛ በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚያልቅ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የኪራዩን ግብር ለመክፈል መሄድ እፈልጋለሁ። ስለዚህ በለንደን ኤምባሲያችን ውክልና አሠሪልኝ፤ ኪራዩን እንድቀበል፣ ግብሩን እንድከፍልና ደረሰኙን እንድወስድ በግልጽ ይጻፍበት። አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ስላለበት ጊዜ ይወስዳልና፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ቀጠሮ ያዢ፤ ወረቀቱንም በሚመጣ ሰው ላኪልኝ።

እናትሽ