ለቅኔ ጉባኤ ቤታችን ተማሪዎች የቀረበ የስንቅ ድጋፍ ጥሪ

በጎጃም ገጠር የሚገኘው ደብራችን ተወላጆች፣ በጉባኤ ቤቱ ተምራችሁ የወጣችሁ መምህራንና ምእመናን በሙሉ፤

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተባባሰው ጦርነት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን እንደዘጋ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ አብነት፣ ማለትም ስለ ባህላዊ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ርቆ፣ በቀለሳት ጎጆ እያደረ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማር በመሆኑ ጉባኤው የሚቆመው በየኔታ፣ ማለትም በመምህሩ ዕውቀትና በአካባቢው ገበሬ እንጀራ ነው። ቀድሞ አኮፋዳውን (የልመና መያዣውን) አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚያስፈራው ውሻ ነበር፤ ለዚያም በትሩ ይበቃዋል። ዛሬ ከማዶ መንደር ሲመለስ «ከየት መጣህ? ማን ላከህ?» የሚል የታጠቀ ሰው ያስቆመዋል፤ ተኩስ በተሰማ ቀንም ጭራሹን ሳይወጣ ጥሬ ቆርጥሞ ያድራል። ገበሬውም ቢሆን እጁ አጥሮታል።

የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት (ስንኝ) ቅኔ ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ የተባለ ቅኔ አልፎ «ቤት ሞላ» (ሙሉ ቅኔ መድረስ ቻለ) እስኪባል ድረስ፣ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ (ደርሶ) ለመምህሩ ይነግራል። ቆጠራው ከሰው ተለይቶ በየዛፉ ሥር የሚደረግ ነው፤ ሆዱ ባዶ የሆነና ጆሮውን ወደ ተኩስ የጣለ ልጅ የቅኔው ምሥጢር እንዴት ይመጣለታል? መንፈቅና ዓመት የቆዩት ሳይቀሩ አኮፋዳቸውን ይዘው ወደየአገራቸው መመለስ ጀምረዋል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው አንድ ጎተራ ለማሠራትና እስከ መስከረም የሚያደርስ በሶ፣ ሽሮና በቆሎ ለመግዛት ወስኗል። ልመናው ራሱ ትሕትናን የሚያስተምር ሥርዓት እንደ መሆኑ፣ ልመናው ጨርሶ ይቁም ማለታችን እንዳልሆነ አባቶች እንዲረዱልን እንለምናለን፤ የኔታም ያመነቱት በዚሁ ነበርና፣ የፈቀዱት «መንገዱ እስኪከፈት» ብለው ነው።

የቻለ የአንድ ኩንታል፣ ያልቻለ የአንድ ጣሳ እህል ዋጋ ይስጥ። እህል ከሩቅ ጭኖ በየኬላው ከመቆም ከአካባቢው ገበያ መግዛት ስለሚሻል፣ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ያላችሁ በገንዘብ ብትረዱን እንመርጣለን። ገንዘብ ያዡ ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይሰጣል፤ የተገዛው እህል መጠንና ዋጋ በየወሩ በዐውደ ምሕረት ይነበባል። ክረምቱ ሲገባ ወንዙ ሞልቶ የአህያ ጭነት ስለማያሻግር፣ ግዢው ከሰኔ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል።