የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ እንቁላል የሚጥሉት አጥቢዎች

ክበባችን በዚህ ዓመት ዋና ሥራው ያደረገው እንቁላል የሚጥሉ እንስሳት እንዴት ከአጥቢዎች ሊመደቡ ይችላሉ የሚለውን ጥያቄ ነው። ሌሎች ክበባት ችግኝ ሲተክሉ እኛ ስለ አውስትራሊያ እንስሳ ስንከራከር ከረምን የሚል አስተያየት በመምህራን ክፍል መሰማቱን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ተማሪዎቻችንን የምደባን ትምህርት በቃል ከመያዝ አውጥቶ ማስረጃ ወደ መመዘን ያሻገረ ሌላ ርዕስ እስካሁን አላገኘሁም።

የዓርብ ስብሰባዎቻችን ሳይቋረጡ ተካሂደዋል፤ የግድግዳ ጋዜጣ አውጥተናል፤ በሚኒ ሚዲያም ጥያቄና መልስ አቅርበናል። ኒውክለስ (የሕዋስ እምብርት) የሌለውን የአጥቢዎች ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ ካለው የዶሮ ሕዋስ ጋር ለማነጻጸር የያዝነው ዕቅድ ግን አልተሳካም፤ በቤተ ሙከራው ካሉት ማይክሮስኮፖች በአግባቡ የሚሠራ አንድም አልተገኘምና። ለመዝጊያ በዓሉ የድንኳንና የድምፅ ማጉያ ኪራይ የማይታጣ ገንዘብ ለሌንስ ሲሆን ለምን እንደሚታጣ አልገባኝም።

አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያደረግነው ጉብኝት ግን በሰፊው ሊነገር ይገባዋል። ተማሪዎቹ አጥቢዎቹንና አእዋፉን አይተው ወደ ተሳቢዎቹ ሲዞሩ፣ በክፍል ውስጥ እጇን አንሥታ የማታውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ እፉኝት ትወልድ የለ? መለያው መውለድ ከሆነ ለምን አጥቢ አልተባለችም?» ስትል ጠየቀች። ልጆቿ ሆዷን ቀድደው ይወጣሉ የሚባለው ተረት ቢሆንም፣ ከእፉኝት ወገን ብዙዎቹ በእርግጥ ይወልዳሉ። የሚወልድ ሁሉ አጥቢ ካልሆነ የማይወልድ ሁሉ ከአጥቢነት የሚወጣበት ምክንያት የለም፤ እኔ ለሳምንታት ላስረዳ የደከምኩበትን ነገር ልጅቱ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ መልክ ያዘ። ዛሬ በሕይወት ያሉት እንቁላል ጣይ አጥቢዎች አምስት ዝርያ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ የሚኖሩት አራት የኤኪድና (ሰውነቱ እሾኻማ የሆነ እንስሳ) ዝርያዎችና የአውስትራሊያው ፕላቲፐስ (የዳክዬ ዓይነት መንቁር ያላት የውኃ እንስሳ) ናቸው። ሁሉም ፀጉር አላቸው፤ በመካከለኛው ጆሯቸው እንደ እኛ ሦስት አጥንቶች ይገኛሉ፤ የታችኛው መንጋጋቸውም በእያንዳንዱ ጎን አንድ አጥንት ብቻ ነው፤ ይህንኑ ከፋሲካ በተረፈ የበግ መንጋጋ ላይ በዓይናችን አይተናል። «ፕላቲፐስ ጡት ከሌላት በምን ታጠባለች?» ብሎ አጥብቆ የተከራከረ ተማሪ ነበር። የጡት ጫፍ ባይኖራትም የወተት ዕጢ አላት፤ ወተቱ በሆዷ ቆዳ በኩል ወደ ፀጉሯ ይወጣል፤ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ከእንቁላል የሚፈለፈሉት ልጆቿም ያንኑ እየላሱ ለወራት ያድጋሉ። እንቁላል መጣል ከጥንት ቅድመ አያቶች የተወረሰ ባሕርይ ሲሆን፣ እነዚህ እንስሳት ሳይተዉት ቀሩ፤ መውለድ የመጣው በሌላው የአጥቢዎች ቅርንጫፍ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የፕላቲፐስ ጂኖም (የዘር መረጃዋ ሙሉ ስብስብ) ጥናትም የወተትና የእንቁላል አስኳል ጂኖችን በአንድ እንስሳ ውስጥ አሳይቷል።

ፕላቲፐስ በ1799 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ከተገለጸች በኋላ እንቁላል መጣሏ በዊልያም ኮልድዌል የተረጋገጠው በ1884 መሆኑን የሰሙ ተማሪዎች፣ የእኛ ክርክር አንድ ዓመት ብቻ መፍጀቱን እንደ ድል ቆጥረውታል።

የጉብኝቱ አውቶቡስ የተከራየው በወላጆች መዋጮ ነው። ለመጪው ዓመት ሁለት የሚሠሩ ማይክሮስኮፖችንና የአንድ ጉብኝት የትራንስፖርት ወጪ እንጠይቃለን፤ ወመተህ (የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ህብረት) ጥያቄያችንን በዓመቱ የመጀመሪያ ስብሰባው ላይ እንዲያይልን በአክብሮት አሳስባለሁ።