በክንፉ ጫፍ የተለያየው አየር ቀጠሮ የለውም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት በተማሪዎች ገጻችሁ ላይ አውሮፕላን እንዴት እንደሚበር የሚያስረዳ ጽሑፍ አውጥታችኋል። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ለልጆች ብሎ ጊዜውን ሰጥቶ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው ሊመሰገን ይገባል። ሥዕሉም ግልጽ ነው። መሐል ላይ ያለችው አንዲት አንቀጽ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ያቺን አንቀጽ እኔም ለ11 ዓመት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስጽፋት ኖሬያለሁ። ስሕተት ናት።

አንቀጿ የምትለው ይህንን ነው። የክንፉ ጀርባ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ከላይ የሚያልፈው አየር ረጅም መንገድ አለው። ከታች የሚያልፈው መንገዱ አጭር ነው። ሁለቱ ከክንፉ ኋላ እኩል መድረስ ስላለባቸው የላይኛው ይፈጥናል። ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም ወደ ላይ ይነሳል።

ለጆሮ ይጥማል። አጭር ነው፣ ለፈተናም ይመቻል። ችግሩ ያለው «እኩል መድረስ ስላለባቸው» የምትለው ላይ ነው። እኩል መድረስ አለባቸው ያለው ማነው? በክንፉ የፊት ጫፍ ላይ የተለያዩ ሁለት የአየር ቅንጣቶች ኋላ ላይ ለመገናኘት ቀጠሮ የላቸውም። ጢስ እየለቀቁ ሙከራ ሲሠሩ የሚታየውም ሌላ ነው። የላይኛው አየር የታችኛውን ጥሎት ቀድሞ ይደርሳል። አዎ፣ ከላይ ያለው ይፈጥናል። አዎ፣ ግፊቱም ያነሰ ነው። ምክንያት ተብሎ የተሰጠው ነገር ግን ከየትም የመጣ ነው።

እኔን ከዚህ ያወጣችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ሰሌዳውን ሞልቼ ስጨርስ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ትርዒት ላይ ተገልብጦ የሚበረው አውሮፕላን ታዲያ ለምን አይወድቅም? ሲገለበጥ እኮ ጎባጣው ወደ ታች ነው» አለችኝ። ከትምህርቱ ውጪ ነው ብዬ አለፍኳት። በማግስቱ ከደብተሯ ወረቀት የታጠፈ አውሮፕላን ይዛ መጣች። ምንም ሳትናገር ከኋላ ወንበር ለቀቀችው። ቀጥ ብሎ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። ክንፉ ዝርግ ነው፤ ጎባጣ የሚባል ነገር የለውም።

ያን ሳምንት ያላነበብኩት ነገር አልነበረም። ከዚያ ክፍል ገብቼ «የነገርኳችሁ ትክክል አልነበረም፣ እንደገና እንጀምር» አልኳቸው። መምህርነት ከጀመርኩ ጀምሮ ክፍሌ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም።

የጀመርነው ከአየር ነው። አየር ክብደት እንዳለው ልጆች በቃል ያውቁታል እንጂ አያምኑትም። የመማሪያ ክፍላችን ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 7፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው። እዚህ ውስጥ ያለው አየር ስንት ይመዝናል? ብዬ ጠየቅኳቸው። ምንም ያለ አለ። ግማሽ ኪሎ ያለም አለ። በባሕር ጠለል ከፍታ 1 ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሲያባዙት 200 ኪሎ ሆነባቸው። የሦስት ጎልማሳ ሰዎች ክብደት ማለት ነው። ይህን በእጃቸው ካሰሉ በኋላ ክንፍ የሚገፋው ነገር እንዳለ ለማሳመን አልተቸገርኩም።

ቀጥሎ ወደ ሜዳ ወጣን። ጠንካራ ካርቶን በሁለት እጃቸው ይዘው እንዲሮጡ አደረግኩ። ካርቶኑ አግድም ሲያዝ ዝም ይላል። የፊት ጠርዙ ትንሽ ቀና ሲል እጅን ወደ ላይ ያነሳል። በጣም ቀና ሲል ደግሞ ማንሳቱን ትቶ ወደ ኋላ ይጎትታል። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ክንፍ አየሩን በትንሽ ማዕዘን ይገጥመዋል፤ አየሩን ወደ ታች ይመልሰዋል። አየሩ ወደ ታች ሲገፋ ክንፉ ወደ ላይ ይገፋል። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው። በክንፉ ጀርባ በኩል ያለው አየርም የክንፉን ቅርጽ ተከትሎ ወደ ታች ይታጠፋል። አየር ሲታጠፍ ደግሞ ከመታጠፊያው ውስጥ ግፊቱ ያንሳል፣ ከውጪ ይበዛል። ከክንፉ ጀርባ ላይ ያለው ዝቅተኛ ግፊት የሚመጣው ከዚህ ነው። ወደዚያ ዝቅተኛ ግፊት የሚገባ አየር ይፈጥናል። የፍጥነትንና የግፊትን ግንኙነት ያሳየው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሳይንቲስት በርኑሊ አልተሳሳተም። የግፊቱ ልዩነትና ወደ ታች የሚገፋው አየር ሁለት ተፎካካሪ ማብራሪያዎች አይደሉም፤ አንዱን ነገር በሁለት በኩል ማየት ነው።

የክንፉ ጉብታ ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም። አየሩ ሳይበታተን እንዲታጠፍ ይረዳዋል፣ ጎታቹንም ኃይል ይቀንሳል። ተገልብጦ የሚበረው አውሮፕላንም አብራሪው አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ስለሚይዘው ክንፉ አሁንም አየሩን ወደ ታች ይመልሳል። ለዚያች ልጅ መልሱ ይህ ነበር። ማዕዘኑ ከመጠን ሲያልፍ፣ ለብዙ ክንፎች 15 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ አየሩ የክንፉን ጀርባ መከተል ያቅተዋል። አንሺው ኃይልም በአንዴ ይወርዳል። አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ይህንን ነው። ብዙ ሰው ሞተር መጥፋት ይመስለዋል፤ ሞተሩ እየሠራም ይደርሳል።

በጽሑፋችሁ ውስጥ ስለ ወረቀት ቅዳጅ የተነገረውን ሙከራም ልንካው። ቅዳጁን ከከንፈር ሥር ይዞ በላዩ እፍ ሲሉ ይነሳል። እውነት ነው፣ ይነሳል። ፈጣን አየር ሁልጊዜ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው ማለት ግን አይቻልም። ያንኑ ወረቀት ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች አንጠልጥሉትና በአንድ ጎኑ ብቻ፣ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ እፍ በሉ። ወደ ትንፋሻችሁ አይሳብም። የመጀመሪያው የተነሳው ወረቀቱ ጎብጦ ስለነበር፣ ትንፋሻችሁም ጉብታውን ተከትሎ ስለታጠፈ ነው። ሁለቱን ሙከራዎች አንድ ላይ ብታወጡ ልጆቹ ራሳቸው ይጨቃጨቁበታል።

አሁን ወደ ታሪኩ ልምጣ። ጽሑፋችሁ የራይት ወንድማማቾችን በሁለት መስመር አልፏቸዋል፤ ሁለቱ ብስክሌት ሠሪዎች በ1903 በረሩ ይላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለእኔ ትልቁ ዓመት 1903 ሳይሆን 1901 ነው። በዚያ ዓመት የሠሩት ሞተር አልባ አውሮፕላን ካሰሉት አንሺ ኃይል ሲሶ ገደማ ብቻ ሰጣቸው። ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት ተመለሱ። ስሌታቸው ውስጥ አየር በክንፍ ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል ለማስላት ከመቶ ዓመት በላይ መሐንዲሶች የተጠቀሙበት ቁጥር ነበረበት፤ 0.005። ጥፋቱ ሁሉ የዚህ ቁጥር ባይሆንም፣ እነሱ ግን መጠርጠር ጀመሩ። በመጀመሪያ ብስክሌት ላይ ሦስተኛ ጎማ አግድም ገጥመው ትንንሽ ክንፎችን በነፋስ ፈተኑ። ቀጥሎ 6 ጫማ ርዝመት ያለው የእንጨት ሣጥን ሠርተው፣ በአንድ ጫፉ ማራገቢያ አደረጉ። ወደ 200 የሚደርሱ የክንፍ ቅርጾችን አንድ በአንድ ሞከሩ። ያ የተከበረ ቁጥር 0.0033 አካባቢ መሆን እንዳለበት አገኙ። አንድ ተኩል እጥፍ የተጋነነ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ወደ እኔ የሚያዩበት ዓይን ይለወጣል። መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሊሳሳት ይችላል! ያወቁትም ብስክሌት የሚጠግኑ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ከእነሱ በፊት የነበሩትንም አትርሷቸው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ በ1799 በትንሽ ክብ የብር ዝርግ ላይ በክንፍ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ቀርጿል። እስከዚያ ብዙው ሰው የሚያልመው እንደ ወፍ የሚያርገበግብ ክንፍ ነበር። እሱ ማንሳትን ከመግፋት ለየ። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል በአምስት ዓመት ውስጥ 2000 ገደማ ጊዜ ከኮረብታ ተንሸራቶ በረረ። በነሐሴ 1896 ወድቆ ሞተ። ሚዛኑን የሚጠብቀው ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ በማወዛወዝ ነበር። ራይቶች ከእሱ ብዙ ተምረው ይህንን ግን አልተከተሉትም፤ ክንፉን ራሱን መጠምዘዝ መረጡ። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሳሙኤል ላንግሊ ደግሞ የመንግሥት ገንዘብና ኃይለኛ ሞተር ነበረው። አውሮፕላኑ ታኅሣሥ 8 ቀን 1903 ለሁለተኛ ጊዜ ወንዝ ውስጥ ገባ። ራይቶች የበረሩት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው።

የመጀመሪያው በረራ 12 ሰከንድ ቆየ፤ የሄደው 36.5 ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ብቻውን አትንገሯቸው። ሜዳ ላይ ለኩላቸው። በአንድ ቦይንግ 747 ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ካለው ርቀት ያንሳል። ተማሪዎቼ 36.5 ሜትሩን በ12 ሰከንድ ሮጠው ሳይደክሙ ጨረሱት። «ይህን ያህል ቀርፋፋ ከሆነ እንዴት በረረ?» አሉ። ያ ጥያቄ ወርቅ ነው። ከፊት ኃይለኛ ነፋስ ይነፍስ ነበር። ክንፉ የሚያውቀው የአየሩን ፍጥነት እንጂ የመሬቱን አይደለም። ከወንድማማቾቹ አንዱ የሆነው ዊልበር ራሱ አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ክንፉን ይዞ አብሮት ሮጧል። በዚያው ቀን አራተኛው በረራ 59 ሰከንድ ደረሰ።

ቦታ ካላችሁ ቤሲ ኮልማንንም ጨምሩ። ጥቁር ሴት ስለሆነች በአገሯ በአሜሪካ የሚያስተምራት የበረራ ትምህርት ቤት አጣች። ፈረንሳይኛ ተምራ ፈረንሳይ ሄደች፤ ሰኔ 15 ቀን 1921 የአብራሪነት ፈቃዷን ተቀበለች። የእሷን ታሪክ ባወራሁበት ቀን ሴቶቹ ተማሪዎቼ ከደወሉ በኋላም አልወጡም።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሚቀጥለው እትም ያቺን አንቀጽ አርሙልን። ጋዜጣችሁን ቆርጠው ደብተራቸው ላይ የሚለጥፉ ልጆች አሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ፈተና የሚያወጡ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ካነበቡ፣ «የላይኛው አየር ለምን ይፈጥናል?» የሚለውን ጥያቄና የተለመደውን መልሱን እንዲያወጡት እማጸናለሁ። በትክክል ያሰበ ልጅ እዚያ ላይ ነጥብ ያጣል። ከተማሪዎቼ አንዱ አጥቷል። እያወቀ የተሳሳተውን መልስ ልጻፍ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

እርማቱን ስታወጡ ከጎኑ ተገልብጦ የሚበር አውሮፕላን ሥዕል አድርጉበት። ከሥሩ የዚያችን ልጅ ጥያቄ ጻፉ፤ መልሱን ግን እስከ ሚቀጥለው ሳምንት አቆዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፊዚክስ መምህርት