ኧረ መጀመሪያ ካንዴላውን እዩ!

ሰላም አዘጋጆች፣ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፣ አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ መኪና አለችኝ። ባለፈው ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ይዞራል መኪናዋ ግን አልነሳም አለች፣ የሰፈር መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ቤንዚን ፓምፕ ነው ብሎ አስገዛኝ ከዛ ደግሞ ኮይል (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን)፣ ብሩ አለቀ መኪናዋ እዛው ናት። በኋላ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ካንዴላ (ብልጭታ ሰጥቶ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ነቅለው ገመዱ ላይ ሰክተው ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነኩና በል አዙር አሉኝ፣ ብልጭ የሚል ነገር የለም! (በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ ነው የሚያዘው፣ በእጄ ነክቼ ኤሌክትሪኩን ቀምሻለሁ።) ከዛ የ12 ቮልት አምፖል አንዱን ሽቦ ኮይሉ ፖዘቲቭ ላይ ሌላውን ቦዲው ላይ አደረጉ፣ ቁልፉ ኦን ላይ ሲሆን ይበራል፣ ስታርት ሳደርገው ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ ሞተሩ ሲዞር ኮይሉ ኤሌክትሪክ አያገኝም ማለት ነው። ለካ የቁልፉ ስዊች ውስጡ ተቃጥሏል! ኮይሉ ምን አደረገ? እስቲ ስለ ጋራዦቻችን አንድ ነገር ጻፉልን፣ የ5 ደቂቃ ነገር ሳያዩ ነው ዕቃ የሚያስገዙን።