ስለ ልጆቻችን ምሳ ዕቃና ስለሚቀያየረው የአመጋገብ መመሪያ

ውድ ወላጆች፣ ጤና ይስጥልን።

ባለፈው ስብሰባ ልጆቻችን ቅዳሜ እዚህ ትምህርት ቤታችን ስለሚበሉት ምሳ ስናወራ አንድ አባት ያነሱት ሐሳብ ብዙዎቻችሁን ራስ አስነቅንቋል። «ትናንት እንቁላል አትብሉ አሉን፣ ዛሬ ብሉ ይሉናል፣ ነገ ምን እንደሚሉ ማን ያውቃል? እንደለመድነው እናብላ» ነበር ያሉት። ሰዓቱ አጥሮን ስለነበር መልሴን በጽሑፍ ልስጣችሁ።

መመሪያው መቀያየሩ እውነት ነው። እዚህ አሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤቱ በ1916 ለትንንሽ ልጆች ባወጣው ምክር ስኳር ራሱን የቻለ የምግብ ምድብ ነበር። በ1943፣ በጦርነቱ ጊዜ ምግብ በራሽን ሲታደል ደግሞ ምግብ በሰባት ምድብ ተከፈለና ቅቤና ማርጋሪን ለብቻቸው አንዱን ምድብ ያዙ። ያኔ የሚያሳስበው ሰው በቂ ምግብ አለማግኘቱ ነበር፣ ስለዚህ ምክሩ ሁሉ «ይህንንም ብሉ፣ ያንንም ጨምሩ» ነው። የልብ በሽታ ሲበዛ ምክሩም ተገለበጠ። በ1977 አንድ የሴኔት ኮሚቴ ቅባት፣ ስኳርና ጨው ቀንሱ አለ። «ሥጋ ቀንሱ» የሚለው ግን ከብት አርቢዎች ስለጮሁበት በዚያው ዓመት ለዘብ ተደርጎ እንደገና ታተመ። ይህን የማነሳው ጥርጣሬያችሁ መሠረት እንዳለው ስለማምን ነው፤ መመሪያ የሚቀየረው ሁልጊዜ በጥናት ብቻ አይደለም።

ብዙዎቻችን እዚህ አገር ስንመጣ የጠበቀን የ1992ቱ ፒራሚድ፣ ከምን ምን ያህል እንደሚበላ በደረጃ የሚያሳየው ሥዕል ነው። ከታች ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ በቀን ከ6 እስከ 11 ድርሻ፣ ከላይ ጫፉ ላይ ደግሞ ቅባት፣ ዘይትና ጣፋጭ አንድ ላይ ተጨምቀው «በጥቂቱ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። የወይራ ዘይትና ከረሜላ እኩል ማለት ነው! ሕዝቡ የያዘው «ቅባት መጥፎ ነው» የሚለውን ብቻ ሆነ፣ ካምፓኒዎቹም ከብስኩቱ ቅባቱን ቀንሰው ስኳሩን እየሞሉ ሸጡት። በ2011 ፒራሚዱ ቀርቶ የሰሃን ሥዕል መጣ። ሚሼል ኦባማ ያስተዋወቁት ሰሃን ግማሹ አትክልትና ፍራፍሬ ነበር። የእንቁላሉ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ የ2015ቱ መመሪያ «በቀን ከ300 ሚሊግራም ኮሌስትሮል (እንቁላል አስኳል ውስጥ በብዛት ያለው ቅባት መሰል ነገር) አይለፍ» የሚለውን ቁጥር ከውስጡ አስወጣው። እንዳሻችሁ ብሉ ግን አላለም። ለእኛ ትልቁ ነገር እዚያው መመሪያ ላይ ያለው ሌላው ነው፤ የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይል ነበር።

እስቲ እናስላው። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ 10 በመቶ ማለት 40 ግራም ስኳር ነው። አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ 39 ግራም አለው፣ ወደ አሥር የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። ልጁ ከምሳው ጋር አንዱን ጣሳ ሲጨርስ የቀኑን ድርሻ ጨርሷል፣ የልደት ኬኩ፣ ቁርስ ላይ የበላው ሲሪያሉ ገና አልተቆጠሩም። የጣሳውን ጀርባ አዙራችሁ እዩት፣ የተጨመረው ስኳር አሁን ለብቻው ተጽፏል። «መቶ በመቶ ጁስ ነው» የምትሉም አላችሁ። እሱ ላይ የተጨመረ ስኳር ዜሮ ሊል ይችላል፣ ግን የፍሬው አሰር (ፋይበር) ቀርቷል፤ የ2015ቱ መመሪያም ቢያንስ ግማሹ ፍራፍሬ ሳይጨመቅ ይበላ ይል ነበር። ብርቱካኑን ራሱን ላጥ አድርጋችሁ ላኩልን።

ይህ ሁሉ ሲቀያየር አትክልትና ፍራፍሬ ከ1916 ጀምሮ አንድም ጊዜ ከዝርዝሩ አልወጡም። በአገር ቤት በ2022 የወጣው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬን አጥብቆ ይመክራል። እንግዲህ ምስርና ጎመን ከቤታችን ጠፍተው አያውቁም። ልጆቻችሁ በሳምንቱ ቀናት «ይሸታል» እንዳይባሉ እንጀራ ይዘው መሄድ ያፍራሉ፣ ይህን እነሱ ራሳቸው ነግረውናል። ቅዳሜ እዚህ የሚያፍሩበት የለም። ባለፈው አንዷ ተማሪ ሽሮ በእንጀራ ጠቅልላ መጣች፣ ጠረጴዛው ሙሉ ልጅ «አጉርሽኝ» እያለ ከበባት፣ ፒዛ ይዞ የመጣውም ሳይቀር። ይህን እንድታዩልኝ በጣም እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ለስላሳና ጁስ አትላኩ። ውኃ መያዣ ላኩላቸው፣ እዚህ እንሞላላቸዋለን። በጾም ወቅት ልጁ የሚጾም ከሆነ ለመምህሩ ንገሩን፣ ምሳው ላይ ሽምብራ ወይም ምስር ይኑርበት፣ ዳቦ ብቻ አይበቃውም። ኦቾሎኒ የማይስማማቸው ልጆች ስላሉን እባካችሁ ከቆሎው ውስጥ አውጡት። ለስላሳ ይዞ የመጣ ልጅ ካለ መምህራን ልጁን ሰው ፊት አይናገሩትም፣ ስትወስዱት ለእናንተ ይነግሯችኋል። የማትስማሙበት ካለ ቅዳሜ ጠዋት ከክፍል በፊት ቢሮ አለሁ፣ ብቅ በሉ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር